እርግጠኛ ካልሆኑ ቁጥሮች እርግጠኛ ወሰን፦ ከአልዌሮ ግድብ የተነሣ ምሳሌ



በአቦቦ ወረዳ የሚገኘው የአልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲሠራ ዓላማው መስኖ ነበር። ዛሬ ከውኃው ዓሣም ይሰገራል። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል፤ የዓሣው ብዛት እየጨመረ ነው ወይስ እየመነመነ?

ዓሣውን በጫጩትና በአዋቂ እንክፈለው። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለማስረዳት የመረጥኋቸው እንጂ በቦታው የተለኩ አይደሉም። አንድ አዋቂ በዓመት 2 ጫጩት ይተካል እንበል። ጫጩቱ በዓመቱ አዋቂ የመሆን ዕድሉ ከ0.2 እስከ 0.3፣ አዋቂው ዓመቱን የመሻገር ዕድሉ ከ0.4 እስከ 0.6 ይሁን። የማትሪክሱ የመጀመሪያ ረድፍ 0 እና 2፣ ሁለተኛው ረድፍ እነዚህ ሁለት ዕድሎች ናቸው። ትልቁ አይገን ዋጋ ከ1 ከበለጠ ብዛቱ ውሎ አድሮ ያድጋል፤ ካነሰ ይመነምናል።

ብዙዎቻችን የምናደርገው አማካዩን መውሰድ ነው። 0.25 እና 0.5 ስናስገባ አይገን ዋጋው በትክክል 1 ይሆናል። «ብዛቱ ጸንቷል» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። ይህ ግን ያላወቅነውን እንዳወቅን መቁጠር ነው።

በፔሮንና በፍሮቤኒየስ ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ አሉታዊ ቁጥር በሌለበት ማትሪክስ አንድ ቁጥር ሲጨምር ትልቁ አይገን ዋጋ አይቀንስም። ስለዚህ ዝቅተኛዎቹንና ከፍተኛዎቹን ቁጥሮች የያዙ ሁለት ማትሪክሶችን ማስላት ይበቃል። ውጤቱ ከ0.863 እስከ 1.131 ነው። በዚህ መጠን 5 ዓመት ቢቀጥል ብዛቱ በአንደኛው ጫፍ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ በሌላኛው ወደ እጥፍ ይጠጋል። የአዋቂውን ዕድል ብቻ 0.5 ብለን በትክክል ብናውቀው እንኳ ወሰኑ ከ0.930 እስከ 1.064 ስለሚሆን ጥያቄው አይመለስም። ጫጩቶቹም መጠናት አለባቸው።

ይህ ቀላል መንገድ ሁልጊዜ አይሠራም። አሉታዊ ቁጥሮች ሲገቡ ጫፎቹን ብቻ ማየት ያሳስታል። ማትሪክሱ ሲሜትሪያዊ ከሆነ ሄርማን ቫይል በ1912 ያሳየው ወሰን ይረዳናል፤ አይገን ዋጋው ከመካከለኛው ማትሪክስ አይገን ዋጋ የሚርቀው ቢበዛ በስሕተቱ ማትሪክስ ኖርም ያህል ነው። ሲሜትሪያዊ ላልሆኑት ግን በጠቅላላው ትክክለኛውን ወሰን ማግኘት እጅግ ከባድ ስሌት በመሆኑ፣ ሰፋ ያለ ነገር ግን የማይዋሽ ወሰን እንቀበላለን።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ወሰኑ 1ን በውስጡ ከያዘ መልሳችሁ «አልታወቀም» ይሁን። ኑሮው በመረቡ ላይ ለተመሠረተ ዓሣ አስጋሪ፣ ከሐሰተኛ እርግጠኝነት ይልቅ ይህ መልስ ይጠቅመዋል።