ስለ አራስ ድመት አመጋገብና ጤና አጠባበቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ በተነበበ ጊዜ ከኋላ ወንበሮች ሣቅ ሰምቻለሁ፤ የሣቁትንም አልቀየምም። ጓደኞቼ ስለ አገር ልማትና ስለ ሳይንስ ከተናገሩ በኋላ አንድ ተማሪ ስለ ድመት፥ ያውም ስለ አራስ ድመት ልናገር ብሎ ሲነሣ ያስቃል። ነገር ግን እህል በጎተራ ያስቀመጠ ሰው ኹሉ የድመትን ዋጋ ያውቃል። አይጥ የሚያጠፋብን የበላውን ብቻ አይደለም፤ በሽንቱና በኵሱ ያረከሰውም እህል ይበላሻል።

በአገራችን ሴት ስትወልድ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ አጥሚት ይቀርባል፤ አራሷም ከብርድና ከድካም ትጠበቃለች። ላም ስትወልድም የተሻለው ድርቆሽ ወደ እርሷ ይቀርባል። ድመት ስትወልድ ግን «እርሷ ታውቅበታለች፤ አይጥ ይዛ ትብላ» ተብሎ ይታለፋል። ግልገሎቿን ትታ ለአደን ስትወጣ ግን ግልገሎቹ ይበርዳቸዋል። አዲስ የተወለደ ግልገል የሰውነቱን ሙቀት ራሱ ጠብቆ ለመያዝ አይችልምና፥ ብርዱ ከረኃቡ በፊት ሊገድለው ይችላል።

ድመት የምታረግዘው ኹለት ወር ያህል፥ ይኸውም ከ63 እስከ 65 ቀን ነው። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ግልገል ትወልዳለች። አንዱ ግልገል ሲወለድ 100 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ኹለት ሳምንት ሲኾነውም ክብደቱ እጥፍ ይኾናል። ይህ ኹሉ የሚገኘው ከእናቲቱ ጡት ብቻ ነው። በተለይም በመጀመሪያው ቀን የሚጠቡት እንገር በሽታን የሚከላከል ኀይል ስላለበት ኹሉም ግልገል መጥባቱን አይቶ ማረጋገጥ ይገባል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት እናቲቱ ከቀድሞው ምግቧ ኹለት፥ አንዳንድ ጊዜም ሦስት እጥፍ ያስፈልጋታል። ያን ያህል በአንድ ጊዜ ለመብላት ሆዷ አይችልምና በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መስጠት ይሻላል። ንጹሕ ውኃም ከአጠገቧ አይታጣ፤ ወተት የሚሠራው በውኃ ነውና።

አሁን ምን ትብላ ወደሚለው እንምጣ፤ የምንሳሳተው በዚህ ላይ ነው። የቤት ድመት ከአፍሪካ የዱር ድመት ወገን ናት፤ ያችም የዱር ድመት ዛሬም በኢትዮጵያ ትገኛለች። ሥጋ በል ኾና ስለ ተፈጠረች እንጀራ ብቻ ብትበላ ሆዷ ቢሞላም ሰውነቷ ይጐዳል። በሥጋ ውስጥ ታውሪን የሚባል ነገር አለ፤ ድመት ይህን በበቂ መጠን ራሷ ለመሥራት አትችልም። በ1975 እ.ኤ.አ. ታውሪን ያጣች ድመት ዓይኗ እንደሚታወር፥ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ልቧም እንደሚታመም ሊቃውንት አስታውቀዋል።

«እኛስ የወጥ ትራፊ ከነሥጋው እንሰጣታለን» የምትሉ ትኖራላችሁ። የእኛ ወጥ ግን መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ኾነ ነጭ ሽንኩርት፥ ተቀቅሎም ቢኾን፥ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ስለዚህ ሥጋው ወደ ቍሌቱ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ቍራጭ ለይቶ በውኃ ብቻ መቀቀል ነው። እናቶቻችን ይህን ቢያደርጉ የሚጨምርባቸው ድካም የአንዲት ትንሽ ድስት ብቻ ነው። የተቀቀለ ዕንቍላልም ይስማማታል። ጉበት ጥቂት ይበቃል፤ ሲበዛ ይጐዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ ጕሮሮና አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥ። ወተትን በሚመለከት ድመት ወተት መውደዷ እውነት ነው፤ ነገር ግን ካደጉት ድመቶች ብዙዎቹ የወተትን ስኳር መፍጨት አይችሉም፤ ተቅማጥም ይይዛቸዋል። አራስ በተቅማጥ ውኃዋን ስታጣ ጡቷ ይነጥፋል። በከተማ የሚኖርና አቅም ያለው ሰው ለግልገሎች ተብሎ የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ ለእናቲቱ ቢገዛላት በጣም ጥሩ ነው።

ስለ ማደሪያዋ ብዙ አልናገርም። ነፋስ በማይገባበት ጨለም ያለ ጥግ አሮጌ ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን ይበቃታል። ልጆች እየመጡ ግልገሎቹን ቢያነሡባት ግን በአፏ አንጠልጥላ ወደማታውቁት ስፍራ ትወስዳቸዋለች።

ከዚህ ይልቅ ስለ በሽታዋ ልናገር። ከወለደች በኋላ ኹለት ሦስት ሳምንት ያህል ጥቍርነት ያለው ቀይ ፈሳሽ ጥቂት ጥቂት ቢታይባት ደንበኛ ነገር ነው። ፈሳሹ ከሸተተ፥ ወይም መግል ከመሰለ፥ እርሷም ምግብ ትታ ከተኛች ማሕፀኗ ታሟል ማለት ነው። ጡቷም ሊታመም ይችላል፤ አንዱ ጡት ይጠነክራል፥ ይቀላል፥ ይግላል፤ ግልገሎቹም ሳይጠግቡ ቀርተው ያለቅሳሉ። በኹለቱም ጊዜ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ እንጂ በቤት የተገኘውን የሰው መድኃኒት መስጠት አይገባም። በተለይ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ ክኒን ሊገድላት ይበቃል።

ሦስተኛውን በሽታ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የአንዲት እህል ነጋዴ ድመት አራት ግልገል ወለደች። ምግቧ እንጀራና አልፎ አልፎ ሳንባ ነበረ። በሦስተኛው ሳምንት እግሯ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ተንቀጠቀጠች፤ ወድቃም ተንፈራገጠች። የተሰበሰበው ሰው «ዓይነ ጥላ ነው» አለ፤ አንዱም ውኃ ደፋባት። ሌሊቱን ሞተች። ኋላ የጠየቅኹት የእንስሳት ሐኪም ምልክቱን ሰምቶ ካልሲየም በደሟ ውስጥ ማነሱን ነገረኝ። አጥንት የሚያጠነክረው ይህ ነገር በወተቷ ወጥቶ ሲያልቅ እንዲህ ያደርጋል፤ በሥጋ ውስጥም የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። በሰዓቱ ቢደርስ ሐኪም ቀስ አድርጎ በደም ሥሯ በሚሰጠው መርፌ ብዙ ጊዜ ትድናለች፤ ግልገሎቹም ለጊዜው ከጡቷ ይለያሉ። ከአራቱ ግልገሎች ኹለቱ ተከታትለው ሞቱ፤ ኹለቱን ሴትዮዋ የፍየል ወተት በጠብታ እያጠጣች አተረፈቻቸው። ነጋዴዋ ሌላ ድመት እስክታገኝ ድረስ የአይጥ መርዝ በትና ነበር። እኔ ይህን አልደግፍም፤ መርዝ የበላውን አይጥ ሌላ ድመት ብትበላው እርሷንም ሊገድላት ይችላልና።

ግልገሎቹ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሲኾናቸው ደቅቆ የራሰ ምግብ መቅመስ ይጀምራሉ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ግን ከእናታቸው አይለዩ። በነዚህ ሳምንታት ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ፤ ድመት ገና እያጠባች እንደ ገና ልታረግዝ ትችላለች። ከስታ ሳለች እንደ ገና ከወለደች አስቀድሜ የተናገርኹት በሽታ ይቀርባታል። ስለዚህ ግልገሎቹ ጡት እስኪተዉ ከወንድ ድመት ይጠብቋት፤ ከዚያም በኋላ መውለዷን የማይፈልግ ሰው በሐኪም ማስመከን ይችላል። በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ በየወረዳውም ላምና በግ የሚታከምበት ጤና ጣቢያ ይገኛል። በግ ይዛችሁ ስትሄዱ ድመቲቱንም በቅርጫት አድርጋችሁ ውሰዷት።