ገመዱ ለመዝገቡ፣ ዋይፋዩ ለስልኩ
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)



ቡሬ ያለው ቢሯችን የአንዷ እህታችን ቤት መሆኑን ታውቃላችሁ። ፋይበሩ የገባ ሰሞን ሁላችንም ስልካችንን ከዋይፋዩ ጋር አገናኘን። ፓስወርዱ ከእኛ ወደ ልጆቻችን፣ ከልጆቻችን ወደ ጎረቤት ሄደ። የቁጠባችን ሒሳብ ያለበት ኮምፒውተር ደግሞ ጓዳ ነው፤ ለደጋፊዎቻችን ሪፖርት ስንልክ መሀል ላይ ይቋረጣል። መስመሩን ወቀስን። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር።

ሞደሙን ከብረት ቁም ሣጥን ጀርባ ነበር ያስቀመጥነው፤ ብረት ደግሞ ዋይፋይ ያግዳል። አሁን አውጥተን ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ከኋላው ካሉት አራት ቀዳዳዎች በአንዱ የኔትወርክ ገመድ ሰክተን እስከ ጓዳ ዘረጋን። እንዲህ ያለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሠራል፤ ስልክ ቢበዛም ባይበዛም ከሞደሙ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው መንገድ የብቻው ነው። ስልኮቹ በዋይፋይ ቀሩ። እሱም ሁለት ነው፦ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ሩቅ አይሄድም፤ ግቢ ለተቀመጠ 2.4ቱ ይሻላል።

ቀጭኗን የፋይበር ክር አደራ! ውስጧ መስታወት ነው፤ የቡና ጆንያ አይጫናት፣ አትታጠፍ።

ፓስወርዱ ተቀይሯል። አዲሱ ገንዘብ ያዧ ዘንድ አለ፤ ለልጆች እሁድ ብቻ።