ወለድ ቢቀነስ ድቀት ይቀራል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ሲሪንቃ የቀረበ ንግግር)



የኢኮኖሚ ድቀት ሲያሠጋ መንግሥታት ፈጥነው ከሚያነሷቸው መሣሪያዎች አንዱ የወለድ ቅነሳ ነው። ብድር ሲረክስ ነጋዴው ይበደራል፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ገበያው ይነቃቃል ከሚል ነው። ይህ መድኃኒት ግን ለሁሉም በሽታ አይሠራም።

ኢትዮጵያ ይህን በራሷ ታሪክ አይታዋለች። በ1993 ዓ.ም. የተገኘው ጥሩ ምርት የበቆሎን ዋጋ ክፉኛ ጣለው፤ ብዙ አምራቾችም የማዳበሪያ ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ6 ወደ 3 በመቶ አወረደ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ከዳ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለችግር ተጋለጠ፤ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርትም ከቀደመው ዓመት በታች ወረደ። ዝናቡ ሲመለስ የ1996 ዓ.ም. ዕድገት ከ10 በመቶ በላይ ሆነ። ወለዱ ግን በሁለቱም ዓመታት ያው 3 በመቶ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያን ጊዜ በባንኮች ከሚፈለገው መጠባበቂያ በላይ ገንዘብ ተከማችቶ ነበር። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ ብድር ቢረክስለትም የሚከፍልበት የለውም። በአንጻሩ ቆጣቢው ተጎዳ፤ እህል ሲወደድ 3 በመቶ ወለድ የገንዘቡን አቅም አላስጠበቀለትም።

በሀብታም አገሮችም ቢሆን ቅነሳው ሁልጊዜ አይደርስም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 ከ5.25 በመቶ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2008 ድረስ ወለዱን ወደ ዜሮ ቢያስጠጋም ድቀቱ አልቀረም። ጉዳቱን ግን አቅልሏል የሚሉ ብዙ ናቸው። ቅነሳ የሚሠራው ሠሪና ገበያ እያለ ብድር ብቻ ሲወደድ ነው።

ለሐብሩ ገበሬ ከወለዱ መጠን ይልቅ የመክፈያው ወር ይከብዳል። ለምሳሌ 10,000 ብር የተበደረ ሰው ወለዱ በ2 በመቶ ቢቀነስለት በዓመት 200 ብር ይተርፈዋል። ዕዳው በአጨዳ ሰሞን ተጠይቆ 5 ኩንታል ማሽላ በኩንታል 500 ብር አርክሶ ቢሸጥ ግን 2,500 ብር ያጣል። መጋዘን ያለው፣ አባሉን ዋጋ እስኪያገግም የሚያቆይ ማኅበር የሚያድነው ይህን ገንዘብ ነው።

ድርቅን ደግሞ ወለድ አይመልሰውም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት የለፋበት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር፣ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ውኃ፣ ከትርፍ ላይ የሚቀመጥ መጠባበቂያ፤ እነዚህ ናቸው የክፉ ቀን ዋስትና።

ስለዚህ የትርፍ ክፍፍል ቀን ሲደርስ ጠቅላላ ጉባኤው ሁሉንም ተካፍሎ ከመነሣቱ በፊት የሚቀጥለውን ክረምት ያስብ። አመራሩም የብድር መመለሻ ጊዜ ከገበያው ጋር እንዲጣጣም ከአበዳሪዎች ጋር ይነጋገር። የባንክ ወለድ አዲስ አበባ ይወሰናል፤ ጎተራው ግን በአባላቱ እጅ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!