ዘፈኑ የትኛው ገጽ ላይ ነው?

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ጅቡቲ ከተማ ነን። እዚህ ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ሐበሻ በአንድ ምሽት የአማርኛም፣ የሶማሊኛም፣ የአፋርኛም ዘፈን ሊጠየቅ ይችላል። ኖታውን ታብሌት ላይ ቢጭነው እንዴት ቶሎ ያገኘዋል?

እሷ፦ መፈለጊያው ላይ መጻፍ ነዋ!

እሱ፦ የኖታ መጽሐፉ በአንድ ፒዲኤፍ ከገባ እኮ መተግበሪያው የሚያውቀው የመጽሐፉን ስም ብቻ ነው።

እሷ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

እሱ፦ ፎርስኮር በሚባለው የኖታ መተግበሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ዘፈን መነሻና መድረሻ ገጽ ይሰጠዋል። ያኔ ዘፈኑ በራሱ ስም ይወጣል።

እሷ፦ ጥሩ። በምን እንመድበው?

እሱ፦ በቅኝት ነዋ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ።

እሷ፦ በዚህ አልስማማም። መድረክ ላይ የሚያስፈልገው የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ነው። የሰርጉ ለብቻ፣ የበዓሉ ለብቻ።

እሱ፦ ሁለቱም ይሁኑ። አንድ ዘፈን በሁለት ዝርዝር ቢገባ ፋይሉ አይባዛም።

እሷ፦ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንቱማ ቀድመውናል። የዜማ መጽሐፋቸው ድጓ በዮሐንስ፣ በአስተምህሮና በፋሲካ ተከፍሏል። ለዐቢይ ጾምም ጾመ ድጓ ራሱን ችሎ አለ።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። ወቅቱን የያዘ ዜማውን ያገኛል።

እሷ፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ የርዕስ አጻጻፍ። አንዱን በሀሌታው «ሀ»፣ ሌላውን በሐመሩ «ሐ» ከጻፍን ፍለጋው ሊስተው ይችላል።

እሱ፦ ትክክል! አንድ አጻጻፍ ይመረጥ።

እሷ፦ ቅጂውም ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ታብሌት ይሰበራል፣ ይጠፋል፤ የዓመታት ልፋት ግን አብሮ መጥፋት የለበትም።