የመጀመሪያዋ ቀን የማን ናት?

እሱ፦ ዋሽንግተን የሚኖር ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ለበጋ ዕረፍት አዲስ አበባ ሲገባ፣ እዚህ ክረምት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በሐምሌ ዝናብ ቁምጣ ለባሽ አትምርም። የእኔ ክርክር ግን ስለ ሹራብ አይደለም። በዚህ ወቅት የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 7 ሰዓት ነው፤ እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስንል የልጆቹ ሰውነት ገና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። ሰውነት በቀን የሚያስተካክለው በግምት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ለበረረ ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ የመጀመሪያዋን ቀን በዘመድ ጥየቃ ማሳለፍ፣ ልጅን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ግብዣ ላይ እንደማስቀመጥ ነው።

እሷ፦ በሰዓቱ እስማማለሁ። ግን ዓመታት የጠበቀች አያት ዶሮዋን ሠርታ (ፍልሰታ ካልገባ ማለቴ ነው) ቡናዋን ቆልታ ሳለች፣ "ነገ እንመጣለን" ትባላለች? ደግሞም ዝም ብሎ ቀኑን ሙሉ መተኛት ሌሊቱን ማበላሸት ነው። የሰውነትን ሰዓት የሚያቃናው የቀን ብርሃን ነው።

እሱ፦ አያትማ ትቅደም! በረንዳዋ ላይ ብርሃንም ዘመድም አንድ ላይ ይገኛል። የምቃወመው ከእሷ ቀጥለው የሚደረደሩትን አራት ቤቶች ነው። ቅሬታው ይገባኛል፤ "እኛን ዘለሉን" የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሶፋ ላይ ያንቀላፋ ልጅ ማንንም አልጠየቀም፤ የአክስቱንም ስም አይዝም። እንግዳ የምትጠብቁ አድማጮቻችን፣ እባካችሁ ጥሪያችሁን ወደ ሦስተኛው ቀን አሸጋግሩት።