እሪታው በከንቱ እንዳይቀር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ዩኒቨርሲቲ እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፥ ደጁን ለጉብኝት ብቻ የረገጥን ልጆች ስለ ከፍተኛ ትምህርት ምን ልንል እንችላለን ብለን ፈርተን ነበር። ነገር ግን ሳንመልሰው የቀረ አንድ ጥያቄ አለብን፤ ዛሬ የቆምነውም እርሱን ለመመለስ ነው።

ያደግንበት ሠፈር እሪ በከንቱ ይባላል። ስሙን የሰማ እንግዳ ሁሉ ይገረማል፤ ሰው ጮኾ ሰሚ ያጣበት ቦታ ማለት ነውና። በግቢያችን ልብስ እያጠቡ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ከሳፋቸው አጠገብ ስንጫወት፥ «ልጆቼ፥ በአገሬ ሳለሁ ነጠላ የምናነጣው እንዶድ ወቅጠን ነበር፤ ይኸ ዱቄታችሁ እንደሱ አያጠራም» አሉን። እኛም ራሳችንን እንደ ሊቅ ቈጥረን፥ «እትዬ፥ እንዶድማ ጊዜው አልፎበታል» ብለን ሳቅን። እርሳቸውም ቀና ብለው አዩንና፥ «እናንተስ ተምራችሁ ስትጨርሱ ለኛ ምን ታመጡልናላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ ስላልነበረን በሳቃችን ላይ ሳቅ ጨመርን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከመምህራችን ጋር ዳገቱን ወጥተን በአራት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ሄድን። አራት ኪሎ በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረበት ነው። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ይኸው ነው። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስናይ እጅግ ተደነቅን። ይልቁንም ልባችንን የነካው መምህራችን በመንገድ ላይ የነገሩን የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። ይህን በሽታ ወደ ሰው የሚያደርሰው ተውሳክ የሚያድገው በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው። ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ሳለ፥ ከእነርሱ በታች ባለው ውኃ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ፤ ከእነርሱ በላይ ያለው ግን ደኅና ነበር። ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ ቢያስጨምሩ፥ ቀንድ አውጣዎቹ ወዲያው ሞቱ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀላል አልነበረም። ከ1969 እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) በዚያው በአድዋ እንዶድ በወንዙ ላይ ተሞክሮ፥ በትንንሾቹ ልጆች ዘንድ ከመቶ 50 የነበረው በሽታ ወደ 7 ወረደ። ሆኖም ግኝቱ ከውጭው ዓለም ተቀባይነትን ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጀበት። በ1982 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

ይህን በሰማን ጊዜ አፈርን። እኛ የሳቅንበትን እንዶድ ታላቁ ሊቅ ጎንበስ ብለው ተምረውበታል። ስለዚህ ምርምር ማለት ከመጽሐፍ መቅዳት ብቻ ሳይሆን፥ ሕዝቡ የሚያውቀውን ሰምቶ፥ መርምሮና አጣርቶ መልሶ ለሕዝቡ መስጠት መሆኑን ተረዳን።

የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሕይወትም ይህንኑ ያስተምረናል። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የተባለው ተማሪ «ድሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አሰማ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አማካይነት፥ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ አስተማሩ። ወጣቱ አገሩን በካርታ ሳይሆን በእግሩ ያወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን እንናገር። የዩኒቨርሲቲ አጥር ረጅም ነው። የምርምር ጽሑፎቹ አብዛኞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ዕውቀቱ የተገኘባቸው እናቶች ሊያነቧቸው አይችሉም። ወላጆቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ይላሉ። ይህን ያህል እምነት የተጣለበት ሰው፥ ያወቀውን በአገሩ ቋንቋ ተመልሶ ካልነገረ ባለዕዳ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢዋ ሲፈርሱ ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ተበታተኑ። እኚያ እናትም ሄዱ፤ የት እንደ ገቡ አናውቅም። ይቅርታ ሳንጠይቃቸው፥ መልሱንም ሳንነግራቸው ቀረን። ከሁሉ የሚቈጨን ይህ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ከእኛም መካከል ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ጥቂቶች ይሆኑ ይሆናል። የሚገባው ጓደኛችን ከመጠየቅ አይፈር፤ በልብስ አጣቢዋ፥ በገበሬውና በሸማኔው ፊት ደብተሩን ይዞ ይቀመጥ። የማይገባውም ተስፋ አይቍረጥ፤ ጎረቤቱን ፊደል ለማስቈጠር፥ ለአንዲት እናት ማመልከቻ ለመጻፍ፥ የሐኪም ወረቀት ለማንበብ ዲግሪ አያስፈልገውም። እኛም ከዛሬ ጀምሮ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ አንድ ክፍል እንዲፈቀድልን ክቡር ርእሰ መምህራችንን በትሕትና እንለምናለን።

እትዬ፥ የትም ቢሆኑ መልሳችን ይኸው ነው፤ የምናመጣልዎ ነገር ቢኖር፥ ከእርስዎ የተማርነውን አጥርተን መመለስ ነው። የሠፈራችን ስም እሪ በከንቱ ቢሆንም፥ የተማረ ልጅ ባለበት ሠፈር ግን እሪታ በከንቱ መቅረት የለበትም።