ከአስርዮሽ ወደ ክፍልፋይ

አቅራቢ 1፦ በአስርዮሽ ቁጥር ታህቱን የሚወስነው ከነጥቡ በኋላ ያሉት አሃዞች ብዛት ነው። 0.375 ሦስት አሃዝ ስላለው 375/1000 ይሆናል።

አቅራቢ 2፦ በዚያው ያበቃል?

አቅራቢ 1፦ የለም፣ ይቃለላል። ላዕሉም ታህቱም ለ125 ሲካፈሉ 3/8።

አቅራቢ 2፦ 125 ግን ቶሎ አይታይም እኮ።

አቅራቢ 1፦ መታየትም የለበትም። 10፣ 100፣ 1000 የሚገነቡት ከ2 እና ከ5 ብቻ ነው፤ 3ን ወይም 7ን መሞከር ከንቱ ድካም ነው። እዚህ ለ5 ደጋግሞ ማካፈል ይበቃል፦ 75/200፣ 15/40፣ 3/8።

አቅራቢ 2፦ ማለቂያ የሌለውስ? 0.333...?

አቅራቢ 1፦ በ10 ሲባዛ 3.333... ይሆናል። ከዚህ ላይ ራሱ ቁጥሩ ሲቀነስ የቁጥሩ ዘጠኝ እጥፍ ይቀራል፣ እሱም 3 ነው፤ ስለዚህ 3/9፣ ሲቃለል 1/3።

አቅራቢ 2፦ 3ን መሞከር ከንቱ ነው አልተባለም?

አቅራቢ 1፦ ያ ለሚያልቁት ነው። የዚህ ታህት 9 ነው።